ጋቢና ውስጥ ሆኜ ልጄን የሰጠሁ ዕለት

አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፤ ይህ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፣ ያውም ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ስል። ነጠላ ሰረዝ የጎደለበት ቦታ ካገኛችሁ ከራሳችሁ ጨምሩበት። እኔ የምነግራችሁ የሆነውን ብቻ ነው።

በላቸው እባላለሁ። ቤቴ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑም ተስፋ ቆርጦ ከቆመበት ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ከእኔ ወዲያ ያለው ጎረቤት ጅብና ጃርት ነው። ጉልበቴን የጨረስኩት ከመገናኛ ፈረንሳይ ውይይት ስነዳ ነው። ላልደረሳችሁበት ልጆች ላስረዳ፤ ውይይት ማለት ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት የተገጠመላት ፒክአፕ ታክሲ ናት። ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየ ነበር የሚሄደው። እንደ እናንተ ስልኩ ላይ አንገቱን ሰብሮ አልነበረም።

መኪናዋ የሞተች ጊዜ «ለቆራሌው በኪሎ ሽጣት» ያላለኝ ሰው የለም። እኔ በኪሎ የሚሸጥ ሽንኩርት እንጂ መኪና አላውቅም። ቆራርጬ ጓሮዬ አስገባኋት። ቸርኬዋን ግድግዳ ላይ ቸንክሬ የውሃ ጎማ እጠቀልልበታለሁ። ኮፈኗን ገልብጬ ቀይ ሽንኩርት አሰጣበታለሁ። አግዳሚ ወንበሮቿ ዶማና አካፋ ተሸክመው ይውላሉ፤ ከተሳፋሪ ይሻላቸዋል፣ ዶማ አይጨቃጨቅም። ዋናው ግን ጋቢናው ነው። ከነጣሪያው፣ ከነበሩ፣ ከነመስታወቱ ቆርጬ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና የድንች ጎተራ አደረግኩት። ክሩስኮቱ፣ ከመሪው ጎን ያለው የዕቃ ኪስ፣ ውስጥ የጎመንና የካሮት ዘር አለ። የፊት መስታወቱ ላይ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ይንጠለጠላል። ከተራራው የሚወርደው ጃርት የሰፈሩን ድንች ሁሉ ሲቆፍር ያድርና የእኔን በመስታወት ጎብኝቶ ይመለሳል። ጎረቤቶቼ ግን «የበላቸው ጋራዥ» እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ። ድንቻቸውን የሚበላው ጃርትም ሳይስቅ አይቀርም።

የበሩን ነገር ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ ያለው አይገባችሁም። የሾፌሩ በር ዝጎ ስለወለቀ አስበይጄዋለሁ። የቀረው የተሳፋሪው በር ነው፤ እሱ ደግሞ ከውስጥ እጀታ የለውም። ድሮ ራሴ ነቅዬዋለሁ። የጋቢና ተሳፋሪ ክቡር ነዋ፤ መኪናው ሳይቆም ከፍቶ ይወርድና ሲወድቅ «ሾፌሩ ገፈተረኝ» ይላል። እጀታው ከተነቀለ ወዲህ ሁሉም ጨዋ ሆኖ ረዳቱ ከውጭ እስኪከፍትለት ይቀመጥ ጀመር። የመስታወቱ ማዞሪያም ጠፍቶ፣ መስታወቱ መዳፍ የምታህል ክፍተት ትቶ ቆሟል። ድምፅ ያስገባል፤ ክንድ አያስወጣም።

አሁን ወደ ልጄ። ሚስቴ ካረፈች ቆየች። ትልልቆቹ ልጆች ወጥተው ሄዱ። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና የመጨረሻዋ ልጄ ሰብለ ነበርን። ሰብለ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ከእኔ ጋር ትኮተኩታለች፤ እኔ አጨቃጭቃታለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ እንዲህ ሆኖ ይመሻል።

ይህች ልጅ ዳዊት የሚባል ልጅ ወደደች። ልጁ አንድ ቀን ሰላም ሊለኝ መጣ። ጓሮዬን ዞሮ አየና «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ብረት ቢሸጥ እኮ ጥሩ የፕላስቲክ መደርደሪያ ይገዛል» አለኝ። በዚያች ቀን መዝገቡን ዘጋሁ። በማንም ስጠየቅ ምክንያቴ ይህ ነበር። እውነተኛው ምክንያት ሌላ እንደሆነ ግን ራሴም አላጣሁትም። ልጁ ቤት የተከራየው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ አባዶ ነው። እሷ አባዶ ከሄደች እኔ ማታ ማንን ነው የምጨቀጭቀው?

ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሲመጡ «ላስብበት» ብዬ ቀጠሮ ሰጠኋቸው። ወጉ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያረከሰ ይመስላል። እንዲያውም ደረቴን ነፍቼ «እኔ ቤት ሁሉ ነገር በወጉ ነው» ብያቸው ነበር። ለሁለተኛው ቀን መልሴን አዘጋጀሁ። «ልጄ ገና ናት» ልል። ልጄ ሠላሳን አልፋለች።

የቀጠሮው ዕለት እሁድ ነበር። ጠዋት ሰብለን ጠራኋትና «ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ ብቅ አትልም። ጓዳ ትገቢያለሽ» አልኳት።

«እሺ አባባ። አንተስ ልብስህን አትቀይርም?»

«ምን ሆነ ልብሴ?»

«ጉልበቱ ላይ ተቀዷል።»

«ጉልበቴን ሊያገቡ ነው የሚመጡት?»

ሳቋን ዋጠችው። «ጋቢናው ውስጥ ከገባህ ደግሞ በሩ ላይ ድንጋይ አድርግበት። ዛሬ ነፋስ አለ።»

«እኔ ይህችን መኪና ስነዳ አንቺ አልተወለድሽም» አልኳት። እውነት ነው። ከበሩ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር አልነበረም።

ሐሳቤ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ እጄን በአፈር ለውሼ ልጠብቃቸው ነበር። ሥራ ላይ ያለ ሰው አጭር መልስ ይሰጣል። ያቆጠቆጠ ድንች ልለቅም ጆንያ ይዤ ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ድንጋይ አላደረግኩም። የእንጦጦ ነፋስም የሰብለ ወገን ነውና በሩን ከኋላዬ ጠረቀመው።

ገፋሁት። ደበደብኩት። ያ እጀታ በነበረበት ቀዳዳ ጣቴን ከትቼ ቆረቆርኩ። ስንት ተሳፋሪ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ ስቄያለሁ።

መጮህ እችል ነበር። ግን ሰብለ መጥታ ትከፍትልኛለች፣ ምንም ሳትል ታየኛለች፣ ያ ዝምታዋ ደግሞ እስከ ፋሲካ ይቆያል። የፊት መስታወቱን በእርግጫ ማለት እችል ነበር። ግን ከመኪናዋ ጤነኛ ሆኖ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ድንቹ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ሰብለ ወጥታ «አባባ» ብላ ተጣራች። ዝም አልኩ። ቀና ብላ ተራራውን አየችና ወደ ቤት ተመለሰች። ሸሽቶ ወጣ ብላ ነው። አላረምኳትም።

ብዙም ሳይቆይ «ቤቶች» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በር ተሰማ። መልስ የሚሰጥ የለም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ፊት ፊት አቶ ዘውዴ፣ የዳዊት ሰፈር ሰው ናቸው፤ ነጭ ኩታ፣ ከዘራ፣ ከእኔ የባሰ ግትር ፊት። ቀጥለው የልጁ ንስሐ አባት ቄሱ። ከኋላ ሱፍ የለበሰው ሄኖክ፣ የልጁ አጎት። ፀሐዩ ጠንከር ስላለ መጥተው ጋቢናው ጥላ ሥር፣ አፍንጫዬ ስር ቆሙ። በአቧራውና በሽንኩርቱ ጉንጉን ምክንያት አላዩኝም።

እግዜር ነው የዘጋብኝ አልኩ በልቤ። አባት ካልተገኘ መልስ የለም። መልስ ከሌለ ጋብቻ የለም። እምቢ አላልኩ፣ የሚወቅሰኝ የለ። ብልሃቴ ራሴን አስደነቀኝ፤ ያሰበው ነፋሱ መሆኑን ረስቼ።

«ሰውየው የለም» አሉ አቶ ዘውዴ።

«ቀጠሮውን ረስተውት ይሆናል» አለ ሄኖክ።

«እሱ? አይረሳም። ተራራ ላይ ወጥቶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። እኔ ብሆን የማደርገው እንደዚያ ነው።»

ሄኖክ ዙሪያውን ቃኘ። «ይሄ ግን ጓሮ ነው ጋራዥ?»

«መኪና ዘርቶ ድንች ያጭዳል» አሉ ቄሱ።

«በጣም ኦርጋናይዝድ ነው ግን» አለ ሄኖክ። ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባኝም፤ ለማንኛውም ቂም ያዝኩ። ይህን እያለ እጁን ጋቢናው ላይ ሊያሳርፍ ሲል አቶ ዘውዴ በከዘራቸው መለሱት።

«እጅህን ሰብስብ። መልስ ሳናገኝ ከዚህ ቤት ውሃ አንቀምስም፣ ወንበር አንቀመጥም፣ ዕቃ አንነካም።»

ቆሙ። እኔም ተቀመጥኩ። ቆርቆሮ ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ድንቹ መቀቀል ጀመረ ብል ማጋነን ይሆናል፤ እኔ ግን ጀምሬ ነበር።

በመጨረሻ ሄኖክ ሰዓቱን አየ። «እንሂድ። ልጅቷም ብትሆን ለዳዊት ነግራዋለች።»

«ምን ብላ?» አሉ ቄሱ።

«‹ዛሬም መልስ ካልተገኘ ሌላ ቀጠሮ አትጠይቅ፣ ሌላ ሴት ፈልግ› ብላዋለች። ‹አባቴ ብረቱን ሰበብ ያደርጋል እንጂ ብቻውን መቅረት ፈርቶ ነው። ይህን በአፉ ከሚናገር ቢሞት ይመርጣል። እኔ ልቅርለት› ነው ያለችው። ልጁ ሲነግረኝ እያለቀሰ ነበር።»

ድንቹ ላይ እንደተቀመጥኩ ደነዘዝኩ። ይህን ሁሉ ጊዜ ምስጢሬ ነው ያልኩትን ልጄ ታውቀዋለች። ዳዊት ያውቀዋል። አጎትየው ያውቀዋል። አሁን ደግሞ ቄሱ ሰሙት። የቀረው በሬዲዮ መነገር ብቻ ነው።

«አሳዛኝ ነው» አሉ አቶ ዘውዴ፤ ፊታቸውንም ወደ አጥሩ በር አዞሩ።

ስፖኪዮው፣ የኋላ ማያ መስታወቱ፣ ዛሬም በሩ ላይ እንዳለ ነው። በሾፌር ልማድ ቀና ብዬ አየሁት። ከኋላዬ የቤቱ ደጃፍ ይታያል። ሰብለ ወጥታ ቆማለች። አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። ጸጉሯን ተሠርታለች፤ ጠዋት ፊት ለፊቴ ቆማ አላየሁትም። የሽማግሌዎቹን ጀርባ አየች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዝቅ አለችና አዲሱን ጫማዋን አውልቃ ቦት ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች። ወደ ጓሮ ልትገባ ነው። ሥራ ልታግዘኝ።

በዚያች ደቂቃ እኔ ያሸነፍኩ ሰው ነበርኩ። የፈለግኩት ሁሉ ሆኖልኛል።

ጣሪያውን በቡጢ መታሁት። «ቁሙ» አልኩ።

ቄሱ አማተቡ። «ማነው?»

«የቤቱ ባለቤት።»

«የት ነህ?»

«ጋቢና።»

ሄኖክ ጎንበስ ብሎ በሽንኩርቱ መሀል ፊቴን ሲያይ ወደ ኋላ ተንደረደረ። አቶ ዘውዴ ግን ቀስ ብለው መጡና በመስታወቱ ክፍተት ተመለከቱኝ።

«እዚህ ውስጥ ምን ይሠራሉ አቶ በላቸው?»

«ድንች እለቅማለሁ።»

«እኛ ቆመን ስናወራ ይሰሙን ነበር?»

«ጆሮዬ ደህና ነው።»

«ታዲያ ምነው አልወጡ?»

«በሩ ከውስጥ አይከፈትም።»

በሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ፈገግ አሉ። እንዲህ ያለ ፈገግታ የማውቀው መንጃ ፈቃዴን ቤት ረስቼ የወጣሁ ቀን፣ ያስቆመኝ ትራፊክ ፖሊስ ፊት ላይ ነው።

«ከውጭስ?»

«ከውጭ እጀታውን ሳብ ማድረግ ነው።»

ሄኖክ እጁን ዘረጋ። «ተው» አሉት አቶ ዘውዴ። «መልስ ሳናገኝ ዕቃ አንነካም ብዬሃለሁ።»

«ጋሼ ዘውዴ፣ ሰው እኮ ነው።»

«ሰውየውማ ሰው ነው። በሩ ዕቃ ነው።»

«ልጄን እጠራታለሁ» አልኩ።

«ይጥሯት። ግን ሽማግሌ ቆሞ ሴት ልጅ ብቅ ማለት ወግ ነው እንዴ? እርስዎ ቤት ሁሉ ነገር በወጉ ነው ያሉን መስሎኝ።»

ስፖኪዮውን አየሁ። ሰብለ በአንድ እግሯ ቦት፣ በአንድ እግሯ አዲስ ጫማ አድርጋ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ትሳቅ ታልቅስ፣ መስታወቱ አቧራ ስለሆነ አልለየሁም።

አቶ ዘውዴ ኩታቸውን አስተካከሉ። ሦስቱም በሰልፍ ቆሙ፤ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ልክ ዙፋን ላይ የተቀመጥኩ ይመስል። «እንግዲህ በሰጡን ቀጠሮ መጥተናል። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡልን፤ ልጃችንንም ልጅ ያድርጉት» አሉ።

«አባዶ ሩቅ ነው» አልኩ።

«ታክሲ አለ። ይህን ለእርስዎ እኛ እንንገር?»

«ልጁ ብረትህን ሽጥ ብሎኛል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ይሄስ ከባድ ነው» አሉ ቄሱ። «ንስሐ ይገባል።»

«ሌላስ?» አሉ አቶ ዘውዴ።

ሌላ ነበር። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ዓይኔን ጠረግሁ፣ እንደገና ገባ። «ሌላማ» አልኩ፤ «ብቻዬን እቀራለሁ።»

ይህን ቃል ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴን ቀብሬ በተመለስኩበት ቀን እንኳ ለጠየቀኝ ሁሉ «ደህና ነኝ» ነው ያልኩት። እንጃ፤ በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ተነሥቼ እሄድ ነበር። መሄጃ ሳጣ ነው የወጣው።

የአቶ ዘውዴ ፈገግታ ጠፋ። ጠጋ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ሴት ልጆቼን ሁሉ ድሬ ጨርሻለሁ። አልዋሽዎትም፣ ብቻዎን ይቀራሉ። ሰንበት ሲሆን ይመጣሉ። በሌላው ቀን ቤቱ ይጮኻል።»

«ማጽናናትዎ ነው?»

«አይደለም። የተላክሁት ልጅ ልለምን ነው፣ ላጽናና አይደለም።»

ሰውየውን የወደድኩት ይህን ጊዜ ነው። ቢያባብሉኝ ኖሮ እስከ ማታ ድንች ላይ እቀመጥ ነበር።

«ሰጥቻለሁ» አልኩ።

«ለሁሉም ይሰማ» አሉ ድምፃቸውን መልሰው።

«ልጄን ለልጃችሁ ሰጥቻለሁ። አሁን ክፈቱ።»

እልል አለ አንድ ድምፅ ከቤቱ ደጃፍ። የሙሽራ አባት ሆኜ የሰማሁት የመጀመሪያ እልልታ የራሷ የሙሽራዋ ነው፤ ይህም በወጉ ነው እንግዲህ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሡ። በሩን ይከፍታሉ ብዬ ስጠብቅ ቄሱ መስቀላቸውን አወጡና ምርቃት ጀመሩ። ምርቃት ከተጀመረ አይቋረጥም። ከአብርሃምና ከሣራ ተነሡ። እኔ በመስታወቱ ክፍተት «አሜን» እላለሁ። ወደ ይስሐቅ ሲሻገሩ ላቤ ካልሲዬን አረጠበው። ያዕቆብ ጋ ሲደርሱ «አባ፣ ያዕቆብ ልጆቹ ብዙ ናቸው» ብዬ ለመንኳቸው። ሄኖክ አላስቻለውም፤ እየሳቀ እጀታውን ሳበው።

የሽንኩርት ልጣጭ ጸጉሬ ላይ፣ አፈር ጉልበቴ ላይ ይዤ ወጣሁ። ዶማና አካፋውን ከአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ አወረድኩና ሽማግሌዎቹን አስቀመጥኳቸው፤ መልስ አግኝተዋላ፣ አሁን መቀመጥ ይቻላል። ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀመጥን። ሰብለ ውሃ ይዛ መጣች፤ ጫማዋን አስተካክላለች። ለሦስቱ ቀዳች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ «ድንጋይ አድርግበት ብዬህ ነበር» አለችኝ።

«ነፋሱ ነው» አልኳት። ብርጭቆውን ሰጠችኝ። ግማሹን ውሃ ሱሪዬ ላይ አፈሰስኩት።

ሠርጉ አለፈ። አሁን «ከዚያ ወዲህ በደስታ እኖራለሁ» ብዬ እንድጨርስላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ይቅርታ አድርጉልኝ። አቶ ዘውዴ እውነታቸውን ነው፣ ቤቱ ይጮኻል። ማታ ሬዲዮ ከፍቼ ከዜና አንባቢው ጋር እጣላለሁ። አንባቢው ትዕግሥተኛ ነው፣ መልስ አይሰጠኝም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በተለይ እናንተን ልጆቻችሁን በሰበብ ደጃፍ ላይ ያቆማችሁ አባቶችና እናቶች። ልጆቹ ያውቃሉ። ዝም የሚሉት ስላልገባቸው አይደለም፤ አዝነውላችሁ ነው። እኔ በልጁ የሚታዘንለት አባትም ሆኜ አይቻለሁ፣ ብቻውን ራት የሚበላ አባትም ሆኜ አይቻለሁ። ሁለተኛው ይሻላል። ራቱ ይቀዘቅዛል እንጂ አያንቅም። ለዚህ የሚሆን ጋቢና የሌላችሁ ደግሞ እንደ ምንም ብላችሁ በክፍት በር ተናገሩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰብለና ዳዊት ይመጣሉ። ልጁ እጅጌውን ሰብስቦ ድንቹን ጋቢናው ውስጥ ይደረድራል። እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ ያደርገዋል፤ ፍጹም ተሳስቷል። የመጀመሪያ ቀን ከሄዱ በኋላ ላስተካክለው ገብቼ፣ ጥቂት አነሣሁና መልሼ እንደነበረ አስቀመጥኩት። በሳምንቱ ሲመጡ ከታች ያለው በስብሶ ቆያቸው። ዳዊት ጎንበስ ብሎ አየውና ፊቱ ቀላ።

«አባባ፣ ምን ሆኖ ነው የተበላሸው?»

ሰብለ ከኋላው ቆማ አየችኝ።

«አየሩ ነው» አልኩት። «ቅዳሜ መጥተህ እንደገና ደርድረው።»